የደጋ ፀሐይና የፊት ወዝ

በመንዝ መሐል ሜዳ ከተማ በገበያ ቀን፣ የሌሊቱ ውርጭ ከሣሩ ላይ ቀልጦ ሳያልቅ፣ ከማማ ምድርና ከላሎ ምድር በጎቻቸውን እየነዱ የመጡት ሰዎች ወደ ገበያው ሜዳ ሲገቡ፣ ወንዱ ጋቢውን እስከ ጆሮው ተከናንቦ፣ ሴቲቱም በነጠላዋ አፏንና አፍንጫዋን ሸፍና ዓይኗን ብቻ ትታ ሲታዩ፣ ከሩቅ ለሚመለከታቸው ከብርዱ የሚሸሹ እንጂ ከፀሐዩ የሚከለሉ አይመስሉም። ከእነዚሁ መካከል ዕድሜያቸው ከስድሳ ያለፈ አንዲት እናት፣ ለሽያጭ ያመጡትን የበግ ጠጉር ከፊታቸው ዘርግተው፣ ገዢ እስኪመጣ ድረስ እጃቸው ሥራ እንዳይፈታ እንዝርታቸውን እያሾሩ ተቀምጠው ሳለ፣ ከጎናቸው ተቀምጬ፣ «እማማ፣ ፊትዎን ምን ይቀቡታል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ጥያቄው እንግዳ ሆኖባቸው ጥቂት ፈገግ አሉና፣ «ልጄ፣ ይህ ፊት እኮ የነፋስና የፀሐይ ነው፤ የእኔስ እዚህ አለ» ብለው የቀሚሳቸውን እጅጌ እስከ ትከሻቸው ሰበሰቡ።

ያሳዩኝ የክንዳቸውን የውስጥ ወገን ነበር። ፊታቸው በግንባር፣ በዓይን ጥግና በላይኛው ከንፈር ዙሪያ ጥልቅ በሆኑ መስመሮች የተሸነሸነ፣ ጉንጫቸውም በማዲያት የተዥጎረጎረ ሲሆን፣ ያ የውስጥ ክንድ ግን መልኩ አንድ ወጥ የሆነ፣ ጠይምና ልስልስ፣ የልጅ ልጃቸው ነው ቢባል የሚያሳምን ነበር። እንዝርቱን የያዘው የእጃቸው ጀርባ ደግሞ ከፊታቸው ይልቅ የከፋ ሆኖ፣ ቆዳው ስስ፣ ደረቅና የተሰነጣጠቀ ነበር። ፊቱም፣ እጁም፣ ክንዱም ከአንዲት እናት ማኅፀን በአንድ ቀን የወጡ፣ አንድ እንጀራ የበሉ፣ አንድ ዘመን የቆጠሩ ናቸው። በመካከላቸው ያለው ልዩነት እጅጌ ብቻ ነው።

ስለ ቆዳ እርጅና ብዙ የተማሩ ሊቃውንተ ሕክምና የሚጽፉት ሐተታ ሁሉ ከዚህ ክንድ ምስክርነት የሚርቅ አይደለም። እነርሱ የቆዳን እርጅና በሁለት ይከፍሉታል፤ አንደኛው በሕገ ተፈጥሮ ከዕድሜ ጋር የሚመጣው፣ ቆዳን ቀስ በቀስ የሚያሳሳውና የሚያደርቀው ሲሆን፣ ሁለተኛው ከውጭ የሚመጣው፣ ይልቁንም ከፀሐይ የሚወርደው ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 አንድ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ያወጣው የአንድ የ69 ዓመት የጭነት መኪና ሾፌር ፎቶግራፍ በብዙ አገር ታይቷል፤ ይህ ሰው 28 ዓመት መኪና ሲነዳ በመስተዋቱ በኩል ፀሐይ ያገኘው የግራ ፊቱ ከቀኙ ፊቱ ይልቅ እጅግ የተጨማደደና የወፈረ ሆኖ ነበር፤ ምክንያቱም ዩቪኤ የተባለው የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር መስተዋትን አልፎ ይገባል። መንዝ ላይ ግን ለዚህ ምስክር የሚሆን ፎቶግራፍ መፈለግ አያሻም፤ በየገበያው እጅጌ የሚሰበስቡ እናቶች አሉ።

የነገሩ ምስጢር ኮላጅን በሚባለው የቆዳ አውታር ላይ ነው። በዚህ አገር ብራና የሚፍቁ አባቶች ቆዳውን በችካል ወጥረው፣ ሥጋውንና ጠጉሩን ፍቀው ሲያስወግዱ የሚቀራቸው ዋናው ነገር ይኸው ኮላጅን ስለ ሆነ፣ ቆዳችንን ከብራና ጋር ማስተያየት ተራ ምሳሌ ብቻ ሳይሆን የባሕርይ ዝምድናም አለበት። በማኅደሩ ሆኖ በዕቃ ቤት ጨለማ የኖረ ዳዊት ለብዙ መቶ ዓመት ሲተጣጠፍ የሚኖረውን ያህል፣ ፀሐይና እርጥበት ሲፈራረቁበት የከረመ ቅጠል ግን ይሸበሸባል፣ ይሰባበራልም። በሕያው ቆዳ ላይ ደግሞ ጥፋቱ ከዚህ ፈጣን ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 እና በ1997 የአሜሪካው የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ ቆዳን ለማቅላት እንኳ የማይበቃ ጥቂት የአልትራቫዮሌት ጨረር በሰዓታት ውስጥ ኮላጅንን የሚቆራርጡ ኢንዛይሞችን ያስነሣል፤ ቆዳው የተቆረጠውን ይጠግናል፤ ነገር ግን ጥገናው ፍጹም ስላልሆነ፣ በየቀኑ የሚቀረው ጥቂት ሕፀፅ ዓመታትን ተሻግሮ ሽብሽባት ይሆናል።

እንግዲህ የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ደጋ ከሌላው ስፍራ የሚለይበትን ነገር እናስተውል። በመንዝ ያለው የጓሳ ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ከፍ ያለ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስተምረው፣ ከፍታ በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአልትራቫዮሌት ጨረር በመቶ 10 እጅ ያህል ይጨምራል፤ ስለዚህ የጓሳ እረኛ የሚያገኘው ጨረር በዚሁ ኬክሮስ በባሕር ዳርቻ ከሚወርደው በሲሶ ያህል ይበልጣል ማለት ነው። በዚህ ላይ አገሩ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለ ሆነ፣ በሚያዝያ ወር ፀሐይ በእኩለ ቀን ከአናት በላይ ትቆማለች። ይሁን እንጂ አየሩ ቀዝቃዛ ነው፤ ነፋሱም አያቋርጥም። ወደ ጀማ ሸለቆ የሚወርደው የመርሐቤቴ ቆለኛ ሙቀቱ ሲያቃጥለው ራሱ ወደ ዛፍ ጥላ ይሸሻል፤ ደገኛው ግን ፀሐይ ወዳጁ ስለ ሆነችና ማለዳ ከውርጩ ያዳነችው እርስዋ ስለ ሆነች፣ ቀኑን ሙሉ ፊቱን ለእርስዋ ሰጥቶ ይውላል። የሚያሞቀው ጨረርና ቆዳን የሚጎዳው ጨረር ግን አንድ አይደሉም፤ ብርዱ የመጀመሪያውን ሲሸፍን ሁለተኛውን አያስቀርም።

ማለዳ ፀሐይ መሞቅ ክፉ አይደለም፤ ፀሐይ ገና ዝቅ ብላ ሳለች ጨረርዋ ረጅም የአየር መንገድ አቋርጦ ስለሚመጣ ይደክማል። አደገኛው ጊዜ በእኛ አቈጣጠር ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ያለው ነው። ይህንንም ለማወቅ የእጅ ሰዓት አያስፈልግም። አባቶቻችን የጾምን ሰዓት ለመለየት ጥላቸውን በጫማቸው ይለኩ እንደ ነበረ የታወቀ ነው፤ ያው ልማድ ለፊት ቆዳም ያገለግላል። የሰው ቁመት በራሱ ጫማ ወደ ሰባት ይጠጋል፤ ስለዚህ ጥላው ከሰባት ጫማ ያጠረበት ሰው በኃይለኛ ጨረር ውስጥ ቆሟል። የዛሬዎቹ የቆዳ ሐኪሞች ለሕዝብ የሚሰጡት ምክርም ይኸው ነው፤ ጥላህ ከቁመትህ ካጠረ ተከለል ይላሉ።

የእኛ ቆዳ ጠይም ነውና ፀሐይ አይነካውም የሚል ሰው አይጠፋም። እርግጥ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1979 የታተመ ጥናት የጥቁር ሰው የላይኛው ቆዳ ዩቪቢ ከተባለው የአልትራቫዮሌት ጨረር ወደ ውስጥ የሚያሳልፈው በመቶ 7.4 እጅ ሲሆን የነጭ ሰው ቆዳ ግን 24 እጅ እንደሚያሳልፍ ለክቷል። ቆዳን የሚያጠይመው ሜላኒን የተባለው ቀለም የፈጣሪ ስጦታ ነው፤ በዚህም የተነሣ ሽብሽባት ከአውሮፓውያን ይልቅ ዘግይቶ ይመጣብናል። ነገር ግን ይኸው ሜላኒን ሲቈጣ ማዲያትን ያመጣል፤ በእኛ ሴቶች ፊት ላይ ከመስመር ይልቅ ዕድሜን የሚጨምረውም ማዲያት ነው። እርግዝና ይቀሰቅሰዋል፣ የወሊድ መከላከያ እንክብል ይቀሰቅሰዋል፣ ፀሐይ ግን ከሁሉ ይልቅ ታጸናዋለች። ደግሞም እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ጥናት እንዳመለከተው፣ በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ አልትራቫዮሌት ብቻ ሳይሆን ዓይን የሚያየው ብርሃንም ቆዳን ያጠቁራል።

ስለዚህ ወጣትነትን ለማቆየት የመጀመሪያው መድኃኒት ምንድር ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ እኔ ያለ ማመንታት ጥላና ነጠላ እላለሁ። ባለ ሰፊ ክፈፍ ባርኔጣ፣ ቄሶቻችንና እናቶቻችን የሚይዙት ጥቁር ጥላ፣ እስከ ዓይን የሚሸፍን ነጠላ፣ እነዚህ በአንድ ጊዜ ወጪ ለዓመታት የሚያገለግሉ ናቸው። የፀሐይ መከላከያ ክሬም ከእነዚህ ቀጥሎ ይመጣል። ጥቅሙም በወሬ የቆመ አይደለም፤ በአውስትራሊያ በናምቡር ከተማ 903 ጎልማሶች በሁለት ተከፍለው፣ አንዱ ወገን በየቀኑ ክሬሙን እንዲቀባ፣ ሌላው እንደ ልማዱ እንዲሆን ተደርጎ ከአራት ዓመት ተኩል በኋላ ሲመረመሩ፣ በየቀኑ የተቀቡት ሰዎች ቆዳ እርጅና በመቶ 24 እጅ አንሶ መገኘቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሟል። ከመግዛት በፊት ግን መለያውን ማንበብ ይገባል፤ ኤስ.ፒ.ኤፍ የተባለው የመከላከያ ልኩ 30 ወይም ከዚያ በላይ፣ ዩቪኤንም ዩቪቢንም የሚከለክል መሆን አለበት። ለፊትና ለአንገት በሁለት ጣት ርዝመት ልክ ያስፈልጋል፤ ደጅ የሚውል ሰውም በየሁለት ሰዓቱ ይደግመዋል። ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት ክሬም በጠይም ፊት ላይ አመድማ መልክ ስለሚተው ብዙዎች ይጠሉታል፤ ለማዲያት የሚሻለው ግን ብረት ኦክሳይድ የገባበትና ቡናማ ቀለም ያለው ዓይነት ነው፤ ይህ የሚታየውንም ብርሃን ይከለክላልና። በደቡብ ኦሞ የሐመር ሴቶች በቅቤ ለውሰው ጠጉራቸውን የሚቀቡት ቀይ አፈር ቀለሙን ያገኘው ከዚሁ ከብረት ኦክሳይድ መሆኑን ሳስብ፣ በአገራችን ልማዶች ውስጥ ገና ያልተመረመረ ዕውቀት መኖሩ ይሰማኛል።

ከመከለል ቀጥሎ ማለስለስ አለ። የደጋው ደረቅ ነፋስ የቆዳን ውሃ ይመጥጣል፤ ውሃ ያጣ ቆዳ ደግሞ ከዕድሜው በላይ ያረጀ መስሎ ይታያል። በአደስ የታሸ ለጋ ቅቤ ይህን ውሃ ለማቆየት ሲያገለግል ኖሯል፤ ሥራውም እውነተኛ ነው፤ ቅባት ቆዳን ሸፍኖ ውሃውን ያቆያል። ፀሐይን ግን አይከለክልም፣ ሲቆይም ይሻግታል። እ.ኤ.አ. በ1872 አሜሪካዊው ቼዝብሮ ያስመዘገበው ቫዝሊን ያንኑ ሥራ ሳይሻግት ይሠራል፤ ግሊሰሪንም በውሃ ተቀጥኖ ሲቀባ እርጥበትን ይስባል። በውጭ አገር በውድ ዋጋ የሚሸጡ ክሬሞች ብዙ ጊዜ የሚይዙት ላኖሊን ከበግ ጠጉር ታጥቦ የሚወጣ ሰም ነው፤ እኚያ መሐል ሜዳ ላይ ያገኘኋቸው እናት በጣታቸው መካከል ሲያሾሩት የዋሉት ጠጉርም ይህንኑ ሰም በተፈጥሮው የያዘ ነው። ፊቱን በምሽት ታጥቦ፣ እርጥበቱ ሳይደርቅ ቫዝሊን የሚቀባ ሰው በጥቂት ገንዘብ የውዱን ክሬም አብዛኛውን ጥቅም አግኝቷል።

በዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ማዲያትን ያጠፋል እየተባለ ሎሚ ፊት ላይ የመጭመቅ ልማድ በከተማም በገጠርም ተስፋፍቷል። በሎሚ ልጣጭና ጭማቂ ውስጥ ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳን የሚያቃጥል ቅመም ስላለ፣ ሎሚ ተቀብቶ ደጅ የወጣ ሰው ቁስልና ለወራት የማይለቅ ጥቁር ምልክት ሊያተርፍ ይችላል፤ በመንዝ ፀሐይ ደግሞ ነገሩ የከፋ ነው። በወሎና በአዲስ አበባ የታወቀው የወይባ ጢስ ገላን በላብ ያጠምቃል፣ መዓዛ ይሰጠዋል፣ ያዝናናልም፤ ሽብሽባትን ያስወግዳል የሚለው ግን ማስረጃ የለውም። ጢስ ራሱ ለቆዳ ወዳጅ አይደለም፤ ቻይና ውስጥ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት በእንጨትና በከሰል እሳት ምግብ የሚያበስሉ ሴቶች ፊት ይበልጥ እንደሚሸበሸብ አሳይቷል። እንጨት በጠፋበት ደጋ ኩበት አንድዳ በዝግ ጎጆ የምታበስል ሴት፣ ጢስ ማውጫ ያለው ምድጃ ብታገኝ ለሳንባዋም ለፊቷም ይጠቅማታል።

ያረጀን ቆዳ በመጠኑም ቢሆን የሚመልስ መድኃኒት አለ ወይ ለሚለው፣ በእውነት ብዙ ዘመን የተመረመረው አንድ ነው፤ እርሱም ከቫይታሚን ኤ ወገን የሆነው ትሬቲኖይን ነው። የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲው ዶክተር አልበርት ክሊግማን ለብጉር ሲሰጡት ቆይተው፣ በፀሐይ የተጎዳ ቆዳን እንደሚጠግን እ.ኤ.አ. በ1986 ከባልደረቦቻቸው ጋር ጽፈዋል፤ የአሜሪካ መንግሥትም በ1995 ለዚሁ ጉዳይ ፈቅዶታል። እዚህ ላይ ሳይነገር መታለፍ የሌለበት ነገር አለ፤ እኚህ ሊቅ እ.ኤ.አ. ከ1951 እስከ 1974 ድረስ በፊላዴልፊያ በሚገኘው በሆልምስበርግ ወኅኒ ቤት፣ አብዛኞቹ ጥቁር በሆኑ እስረኞች ላይ የቆዳ ሙከራ ያካሂዱ ነበር። የእነዚያ ሰዎች ቆዳ የከፈለውን ዋጋ ሳያስታውሱ የሊቁን ጥበብ ብቻ ማመስገን ፍትሕ አይደለም።

ትሬቲኖይን የሚሠራው ቆዳው አዲስ ኮላጅን እንዲሠራና የሚቆራርጡት ኢንዛይሞች እንዲገቱ በማድረግ ነው። በሌሊት፣ ለመላው ፊት የአንዲት አተር ፍሬ ያህል ብቻ፣ በመጀመሪያ በሳምንት ሁለት ሌሊት ይቀባል፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፊትን ያደርቃል፣ ይልጣል፣ ያቃጥላልም፤ ለውጡ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ካልሆነ አይታይም። ነፍሰ ጡርና ለማርገዝ ያሰበች ሴት አትነካውም። ቀን ቀን ከፀሐይ ለማይከለል ሰው ደግሞ ሐኪም ባያዝለት ይሻላል፤ ፊቱ በተቆጣ ቁጥር ጠይም ቆዳ ይጠቁራልና። ሬቲኖል የሚባለው የእርሱ ለዘብተኛ ወንድም ነው፤ ሥራው ይዘገያል፣ ቁጣውም ያንሳል። ስለ ቫይታሚን ሲ የሚባለው በከፊል እውነት ነው፤ ግን በብርሃንና በሙቀት ፈጥኖ ስለሚበላሽ፣ በሱቅ መስኮት ፀሐይ ሲመታው የከረመና ቡናማ የሆነ ጠርሙስ ገንዘብ አይገባውም። ኮላጅን ያለበት ክሬምም በላይ ሆኖ ያለሰልሳል እንጂ ወደ ውስጥ ገብቶ የቆዳውን ኮላጅን አይተካም።

ከዚህ በኋላ የምጽፈው ልቤን የሚያሳዝነኝ ክፍል ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ ኮስሞቲክስ ቤት ቆሜ ሳለሁ፣ ከገጠር የመጣች፣ ሰርጓ ለጥር የተቆረጠ ልጅ ማዲያቷን የሚያጠፋ ክሬም ስትጠይቅ፣ ባለ ሱቋ ትንሽ ቱቦ ከመደርደሪያው አውርዳ፣ «እህቴ፣ ይቺ በሳምንት ነው የምታቀላሽ» አለቻት። ቱቦዋን ተቀብዬ በጥቃቅን ፊደል የተጻፈውን ባነበው፣ ክሎቤታሶል ፕሮፒዮኔት 0.05 ከመቶ ይላል። ይህ ከስቴሮይድ ቅባቶች ሁሉ ከፍተኛውን የኃይል ደረጃ የያዘ መድኃኒት ነው፤ ሐኪሞች ለጽኑ የቆዳ በሽታ ቢያዙት እንኳ በተከታታይ ከሁለት ሳምንት እንዳያልፍ፣ ፊትም ላይ እንዳይቀባ የተከለከለ ነው። ባለ ሱቋ አልዋሸችም፤ በሳምንት ያቀላል፣ ያለሰልሳልም። በሁለተኛውና በሦስተኛው ወር ግን ቆዳው ይሳሳል፣ ደም ሥሩ ይገለጣል፣ ብጉርና ጠጉር ይበቅላል፤ ልጅቱ ፈርታ ያቋረጠች እንደ ሆነ ፊቷ ይቀላል፣ ይቃጠላል፣ ማዲያቱም ከፊተኛው ብሶ ይመለሳል። ስለዚህ ቃጠሎውን ለማስታገስ ያንኑ ቱቦ ትገዛለች። ወጣትነትን የሚሰጥ ተብሎ የሚሸጠው ነገር ገና በሃያ ዓመቷ የእርጅናን ቆዳ ያለብሳታል፤ ከዚህ የከፋ ንግድ አላውቅም።

ሌሎቹም የሚያቀሉ ቅባቶች ከዚህ ብዙ አይሻሉም። ሃይድሮኪኖን በሐኪም ትእዛዝ ለጥቂት ወራት ለማዲያት ይጠቅማል፤ ያለ ልክ ለዓመታት የተቀባ እንደ ሆነ ግን ፊትን ወደ ሰማያዊ በሚያደላ ጥቁረት ያበላሸዋል፤ ያንም የሚመልስ መድኃኒት ማግኘት ጭንቅ ነው። ባዜቃ ያለባቸው ሳሙናዎችና ክሬሞች ደግሞ በቆዳ አልፈው ኩላሊትን ይጎዳሉ። የሚናማታ ስምምነት የተባለው የመንግሥታት ውል በሚሊዮን ከአንድ እጅ በላይ ባዜቃ ያለበት የመዋቢያ ዕቃ እ.ኤ.አ. ከ2020 በኋላ እንዳይሠራና እንዳይነገድ የወሰነ ሲሆን፣ በ2023 ደግሞ ያም ልክ ተነሥቶ ባዜቃ የተጨመረበት ማናቸውም መዋቢያ እንዲከለከል ተወስኗል። ውሉ ግን በየገበያው ቆሞ ቱቦ አያነብም። መለያ የሌለው፣ ስሙ ብቻ ተጽፎ የያዘው ነገር ያልተጻፈበት፣ ወይም ባለ ሱቁ ራሱ ለውሶ በብልቃጥ የሞላው ቅባት ፊት ላይ መዋል የለበትም።

ስለ መርፌና ስለ ጨረር ሕክምና ብዙ አልጽፍም። ሽብሽባትን የሚዘረጋው የቦቶክስ መርፌ እ.ኤ.አ. በ1987 በካናዳ ቫንኩቨር በባልና ሚስት ሐኪሞች ተስተውሎ፣ በ2002 በአሜሪካ ተፈቅዷል፤ ኃይሉ የሚቆየው ሦስትና አራት ወር ነው፤ በአዲስ አበባ የሚሰጡ ክሊኒኮች ቢኖሩም፣ ከመንዝ እየተመላለሱ የሚያድሱት ነገር አይደለም። ሌዘር የተባለው የብርሃን ጨረር ደግሞ ለጠይም ቆዳ በልዩ ጥንቃቄ ካልተመረጠ ጠባሳና ጥቁረት ይተዋል፤ ስለዚህ የሚሠራውን ሰው «የእኔን መልክ ያላቸውን ሰዎች አክመዋል ወይ? ውጤታቸውንስ ያሳዩኛል?» ብሎ መጠየቅ መብት ነው።

የቆዳ ሐኪም በደጋው ብርቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 በአዲስ አበባ ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና የተቋቋመው አለርት ዛሬ የአገሪቱ ዋና የቆዳ ሕክምና ቤትና የቆዳ ሐኪሞች የሚሠለጥኑበት ስፍራ ሆኗል፤ ከመርሐቤቴ ለሚነሣ ሕመምተኛ የዓለም ከተማው እናት ሆስፒታል፣ ከመንዝና ከግሼ ለሚነሣውም የደብረ ብርሃን ሆስፒታል ሊታዩባቸው የሚችሉ ስፍራዎች ናቸው፤ ከዚያም ወደ አለርት ይላካል። በስቴሮይድ ቅባት ፊቷ የተቃጠለ ልጅ በአንድ ቀን ጥላው ከመሠቃየት ይልቅ ቱቦዋን ይዛ ለሐኪም ብታሳይ፣ ቀስ በቀስ በለዘበ መድኃኒት እየተተካላት ትወጣበታለች፤ ወራት ቢፈጅም ቆዳዋ ብዙውን ጊዜ ይመለሳል። በየቀበሌው የሚዞሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ስለ እናትና ሕፃን እንደሚያስተምሩት ሁሉ ስለዚህ ቱቦ ቢያስተምሩ፣ ብዙ ሙሽሮች ይድኑ ነበር።

ያቺ የጥር ሙሽራ ምን ልታደርግ ትችል ነበር ለሚል፣ መልሱ በወራት የሚቆጠር ነው። ማዲያቷን ለሐኪም በሐምሌ ታሳያለች፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ጥላ ይዛ ትሄዳለች፣ አቅሟ ከፈቀደም ቡናማውን የፀሐይ መከላከያ ትቀባለች፤ ሐኪሙ ትሬቲኖይን ወይም ለጥቂት ወራት ሃይድሮኪኖን ቢያዝላት በሌሊት በልኩ ትቀባለች፤ ቆዳዋ ሲደርቅ ቫዝሊን ትደርባለች። ታኅሣሥ ሲገባ ለውጡ ይታያል። ሠርጉ ካለፈ በኋላም ልጅ ያሰበች እንደ ሆነ ሁለቱንም መድኃኒቶች አስቀድማ ታቆማለች፤ ጥላውና ቫዝሊኑ ግን በእርግዝናውም በአራስነቱም ጊዜ አይቋረጡም።